አዋሽ ላይ የለወጥኩት የይለፍ ቃል

ሰኞ፤ ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ

ከአዲስ አበባ የወጣነው ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መሪውን የያዘው የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ደረጀ ነው፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። የኋላው ወንበር ላይ ደግሞ እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ላፕቶፕ፣ ለሰመራ ቅርንጫፍ የሚሰጥ አንድ ሞደም፣ አሥር ሜትር የስልክ ሽቦና አንድ ካቻቢቴ ነበር። ዘመኑ ኢንተርኔት በስልክ መስመር እየጮኸ የሚገባበት ዘመን ነው። ዛሬ ለልጆቼ ስነግራቸው ይስቁብኛል። እኔ ግን ያንን ጉዞ ባነሳሁ ቁጥር ሳቁ አይመጣልኝም። ለምን እንደሆነ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንዳለ ልንገራችሁ።

የጉዞው ሰበብ ዲስኬት ነው። መሥሪያ ቤታችን የውሃ ጉድጓዶችን ይከታተላል፤ የሰመራው ቅርንጫፍ የወሩን ሪፖርት በዲስኬት ቀድቶ በአውቶቡስ ይልክልናል። የአውቶቡሱ ሾፌር አደራ አክባሪ ነውና እንዳይጠፋበት ብሎ ከፊት መስታወቱ ሥር ያስቀምጠዋል። ዲስኬቱ በአፋር ፀሐይ ሲጠበስ ውሎ ተጣሞ ይደርሰናል። ሦስት ወር በተከታታይ እንዲህ ሆነና አለቃችን ጠርቶ፣ «ሙሉጌታ፣ ያንን ያንተን ኢንተርኔት ይዘህ ውረድ። ከየትኛው ከተማ እንደሚሠራ፣ ከየትኛው እንደማይሠራ ሞክረህ አንድ ገጽ ጻፍልኝ» አለኝ።

«ያንተን» ያለው በእኔ ስም ስለተመዘገበ ነው። አንድ መለያ ስም፣ አንድ የይለፍ ቃል፤ ለመስመሩም ለኢሜይል ሳጥኑም ያው ነው። ስልክ ባለበት ቦታ ሁሉ ሽቦውን ሰክተህ አጭሯን ቁጥር ከደወልክ፣ አዲስ አበባም ሁን አዋሽ፣ ያስገባሃል። አንድ ነገር ብቻ አይወድም፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ። አንዱ ከገባ ሌላው «ይህ መለያ በሌላ ቦታ በሥራ ላይ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ይህን ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ አስበልጬ የማውቀው እኔ ነበርኩ። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

አዳማ ላይ ሻይ በፓስቲ ቀመስን፤ ሻዩ ሃምሳ ሳንቲም። ከወለንጪቲ በኋላ አየሩ እየከበደ፣ የደረጀ የሸሚዝ ቁልፍም አንድ በአንድ እየተፈታ ሄደ። መተሃራ ላይ የበሰቃ ውሃ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞታል፤ ደረጀ «ከዓመት ዓመት እየተጠጋን ነው፣ አንድ ቀን በጀልባ ነው የምንሻገረው» ይላል። ከዚያ ወዲያ በጆንያ የተደረደረ ከሰል፣ ግራር፣ አቧራ። አዋሽ የገባነው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ያረፍነው እትዬ ጥሩነሽ ሆቴል ነው። ባላቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ስምንቱን ክፍል ብቻቸውን ያስተዳድራሉ። አልጋው ሃያ ብር ነው፤ ሻወሩ ቀዝቃዛውን ቢከፍቱትም ሙቅ ነው። ስልኩ ባንኮኒው ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ዳንቴሉን አነሳሁና ሽቦውን መመልከት ጀመርኩ።

«ልትነቅለው ነው እንዴ ልጄ?»

«ኧረ አልነቅለውም እትዬ፤ ለአፍታ እዋሰዋለሁ እንጂ።»

ሞደሙ መጮህ ሲጀምር እትዬ ጥሩነሽ አማተቡ። «በስመ አብ! ማንን ነው እዚያ ውስጥ የሚያሰቃዩት?» ደረጀ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ።

በመጀመሪያው ሙከራ ገባልኝ። ለአለቃዬ «ሰላምታ ከአዋሽ» ብዬ ላክሁ። ሥራዬ እዚያ ላይ አልቋል። ግን ምሳ ሊበሉ የመጡት ሰዎች ዙሪያዬን ቆመው ሲያዩኝ ደስ አለኝ፤ ጋዜጣ ከፈትኩላቸው፣ የሩቅ አገር ፎቶ አሳየኋቸው፣ አርባ ደቂቃ ቆየሁ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች ማለት እኔ ነኝ። በመሃሉ የጎረቤት ባለ ሱቅ እያላበው ገባ።

«እትዬ፣ ስልክዎ ምን ሆኖ ነው? ከባቡር ጣቢያው ብደውል ብደውል ተይዟል!»

እትዬ ጥሩነሽ ወደ እኔ ዞሩ። «ለካ አንቀህ የያዝክብኝ አንተ ነህ!»

ኢንተርኔቱ ውስጥ እስካለሁ ድረስ ስልኩ ለሌላ ሰው እንደማይጠራ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «አዋሽ፤ ይሠራል» ብዬ ጻፍኩ። ስልኩ ስለመያዙ አልጻፍኩም፤ ለእኔ ቁም ነገር አልነበረም።

ማክሰኞ፤ ከአዋሽ እስከ ሎጊያ

እስከ ገዋኔ ያለውን መንገድ የጭነት መኪና ሞልቶታል፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ጭኖ፣ ወደዚያ የሚወርደው ባዶውን። ደረጀ እያንዳንዱን ተሳቢ በጥሩንባ ሰላም ይላል፤ ግማሾቹን ሾፌሮች ያውቃቸዋል፣ ግማሾቹን ደግሞ የሚያውቃቸው ይመስለዋል። ገዋኔ ላይ የአየሉን ተራራ እያየን የፍየል ጥብስ በዳቦ በላን። የስልክ ቤቱ ሠራተኛ መስመሩ ከተበጠሰ ሦስት ቀን እንደሆነው ነገረኝ። «ገዋኔ፤ አልተሞከረም» ብዬ ጽፌ ቀጠልን።

ሚሌን እንዳለፍን አንድ የአፋር ሽማግሌ እጃቸውን አነሱልን። ሁመድ ይባላሉ፤ ወገባቸው ላይ ጊሌ የሚባለውን የአፋር ጩቤ ታጥቀዋል፣ እግራቸው እስከ ጉልበት አቧራ ለብሷል። ገና መኪናው ሲንቀሳቀስ መጠየቅ ጀመሩ። ከየት ተነሳችሁ? መንገድ ላይ ማንን አገኛችሁ? ገዋኔ ዘንቧል? የታመመ ሰው፣ የጠፋ ግመል ሰምታችኋል? ወንዙስ እንዴት ነው? እኔ ሙቀቱ አድክሞኝ ስለነበር «ደህና ነው፣ ምንም የለም» እያልኩ አሳጠርኩባቸው።

«ምንም የለም አይባልም» አሉ። «እኛ ዳጉ እንለዋለን። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ወሬውን ሳይጨርስ አይተላለፍም። አንተ ዋጋ የማትሰጠው ወሬ እኔን ሊያድነኝ ይችላል።»

«ሙሌ ወሬ የሚያገኘው በዚያ ሣጥን ነው» አለ ደረጀ ወደ ላፕቶፑ በአገጩ እየጠቆመ።

ሽማግሌው ዞረው አዩት። «ይጠይቃል?»

«አይጠይቅም። የተላከለትን ያደርሳል» አልኩ።

«እንግዲያ ጎደሎ ነው» አሉ፤ ሦስታችንም ሳቅን። ሎጊያ መግቢያ ላይ አውርደናቸው ገባን።

ሎጊያ ጋራዥ ነው፣ ጎማ ቤት ነው፣ ምግብ ቤት ነው፣ ከዚያ እንደገና ጋራዥ። ያደርነው ሰይድ ዘንድ ነው። ሰይድ ከወሎ መጥቶ ሆቴል ከከፈተ ቆይቷል፤ እንግዳ ሲያይ ፊቱ የሚበራ ሰው ነው። ገና ሳንቀመጥ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ሐብሐብ ደረደረልን። ስልኩንም «እስኪበቃህ ተጠቀም፣ ወላሂ አንድ ሳንቲም አልቀበልህም» ብሎ ሰጠኝ። መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ በሦስተኛው ገባልኝ።

ሳጥኔ ውስጥ በዚያው ቀን የገባ አንድ የውጭ አገር ደብዳቤ ጠበቀኝ። የተጻፈው ለእኔ አይደለም፤ ለዘሃራ ነው። ዘሃራ የሰመራ ቅርንጫፋችን ጸሐፊ ናት፤ የከሚሴ ልጅ። ለስሙ ጸሐፊ ትባል እንጂ የትኛው ጉድጓድ ጨው እየበዛበት እንደሆነ፣ የትኛው ሊደርቅ እንደተቃረበ ከመሐንዲሶቹ ቀድማ የምትናገረው እሷ ናት። ናይሮቢ ለሚገኝ ትምህርት ቤት የውሃ ምርመራ ለመማር በፖስታ ስታመለክት ቅጹ የኢሜይል አድራሻ ጻፉ ይላል፤ ስለሌላት የእኔን ሰጠች። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ አንድ ተማሪ ስለቀረ ቦታ ተገኝቷል፤ ወጪሽን እንሸፍናለን፤ ነገር ግን ከዚህ በታች ላሉት ዘጠኝ ጥያቄዎች እስከ ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት መልስ ካልደረሰን ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።

በደስታ ደረጀን ጠርቼ አነበብኩለት። ሰይድ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ነበር።

«ወንድሜ» አለኝ፣ «ለእኔም ኮምፒውተር ሊመጣልኝ ነው። ጅቡቲ ያለው አጎቴ ገዝቶልኛል፤ በመጪው ሳምንት በገላፊ ኬላ ይገባል ኢንሻአላህ። ያንን መግቢያህን ብትሰጠኝ እስክለምድ እሞክርበት ነበር።»

እህሉን በልቼ፣ ስልኩን ተጠቅሜ፣ ፊት ለፊት እምቢ ማለት አቃተኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። አራት ቦታ አጣጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው።

ረቡዕ፤ ሰመራ

ሰመራ ከሎጊያ ጥቂት ደቂቃ ናት። ያን ጊዜ ከተማ ሳትሆን ከተማ የተባለች ቦታ ነበረች፤ አዲስ ሕንፃ፣ ሰፊ መንገድ፣ በመሃሉ ነፋስ ብቻ። ሞደሙን የቅርንጫፉ ኮምፒውተር ላይ ገጠምኩላቸው፤ ለእኔ ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ይበቃኛል። ዘሃራን ከወንበሩ ላይ አስቀመጥኳትና ምንም ሳልናገር ደብዳቤውን ከፈትኩላት።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችን። «አልሐምዱሊላህ» አለች ቀስ ብላ። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ ይሄ ሦስተኛ ማመልከቻዬ ነው። ከሃያ ሰባት ዓመት በላይ አይቀበሉም። እኔ ለሚቀጥለው ዓመት ሃያ ስምንት ይሞላኛል። አባቴን ሰዉ ሁሉ "ልጅህ በረሃ ቀረች" ይለዋል፤ አሁን መልስ አገኘ።»

ያኔውኑ መጻፍ ብትጀምር ደስ ባለኝ። ነገር ግን አንደኛው ጥያቄ አለቃዋ ለሁለት ዓመት እንደሚለቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ አለቃዋ ደግሞ ዱብቲ ወርዶ ሐሙስ ጠዋት ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ከሰዓቱን በሙሉ አሠራሩን አስተማርኳት። እንዴት እንደሚደወል፣ እንዴት እንደሚገባ፣ መልሱ የት እንደሚጻፍ። «መስመሩ ይቆረጥብሻል» አልኳት፤ «አይግረምሽ፣ መልሰሽ ደውይ። ግን አንድ ጥያቄ በመለስሽ ቁጥር ረቂቅ ውስጥ አስቀምጪው፤ ያን ጊዜ የጻፍሽው አይጠፋም።» ሁሉንም በትንሽ ደብተር ጻፈችው፤ የይለፍ ቃሉን ግን አልጻፈችም፣ በቃሌ ይዤዋለሁ አለች።

«እርስዎ ሲፈልጉት እኔ ይዤው ብገኝስ?»

«ሐሙስ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ፤ አልነካውም። ሐሙስ ጨርሺው።»

«ቢቸግረኝስ?»

«አዋሽ እትዬ ጥሩነሽ ጋ ደውይልኝ» ብዬ ቁጥሩን ሰጠኋት። «አብሽሪ» አልኳት፣ አይዞሽ ለማለት በእሷ አገር አነጋገር፤ ሳቀች።

ሐሙስ፤ መልስ

ንጋት ላይ ከሰመራ ተነሳን። አዋሽ አርባ ልንደርስ ስንል ጎማ ፈነዳብን፤ መለዋወጫውም ነፍስ አልነበረውም። ደረጀ ጎማውን በጭነት መኪና ይዞ ሄዶ እስኪያስጠግን እኔ አንዲት ግራር ሥር ከአንድ የፍየል መንጋ ጋር ጥላ ተሻምቼ ዋልኩ። ስለ ዘሃራ አንድ ጊዜ አሰብኩ፤ «ይኼኔ ጨርሳለች» ብዬ። አዋሽ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። እራት በልተን ተኛን።

ዓርብ፤ አዋሽ

ሦስት ሰዓት ላይ ቁርስ በልቼ ሽቦዬን ሰካሁ። በእውነቱ መደወል አያስፈልገኝም ነበር። ከአዋሽ እንደሚሠራ ሰኞ አይቻለሁ። ግን ሪፖርቱን አዲስ አበባ ሳልደርስ ከመንገድ ልኬ አለቃዬን ላስደንቀው ፈለግኩ። ሞደሙ ጮኸ ጮኸና «ይህ መለያ በሌላ ቦታ በሥራ ላይ ነው» አለኝ።

ሻይ ጠጥቼ ደገምኩት። ያው ነው። አራት ሰዓት ላይ ያው። አራት ተኩል ላይ ያው።

«ይሄ ሰይድ!» አልኩ። ደሜ ፈላ። «ሰጠኝ ብሎ ጠዋት ማታ ይቀመጥበታል?»

ደረጀ መኪናው ላይ ተደግፎ ጥርሱን እየፋቀ ነበር። «ደውለህ ጠይቀዋ።»

«ምን ብዬ? የሰጠሁህን መልስ ብዬ? ሩዙን በልቼ?»

«ዘሃራ ብትሆንስ?»

«ዘሃራማ ትናንት ጨርሳለች።»

ይህን ያልኩት ስልኩ ከእጄ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ነው። ሽቦውን ነቅዬ ሰመራ ብደውል ሁለት ደቂቃ ነበር። ሰይድ ጋ ብደውልም እንዲሁ። ደግሞም ሰይድ ኮምፒውተሬ ገና ጅቡቲ ነው ብሎ በገዛ አፉ ነግሮኛል፤ በምን ሊገባ? ንዴት ጆሮ የለውም ይባላል፤ የእኔው ንዴት ደግሞ ትዝታም አልነበረውም።

አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ደወልኩ፤ ገባሁ። እሰይ አልኩ፤ አዎ፣ እሰይ ነው ያልኩት። ድንገት ባዶ ሆኖ ያገኘሁትን በር ማንም ሳይቀድመኝ ለመዝጋት ቸኮልኩና ከሁሉ አስቀድሜ የይለፍ ቃሉን ለወጥኩ። ከዚያ ተዝናናሁ። ሪፖርቱን እዚያው ጽፌ ላክሁ፣ ጋዜጣ አነበብኩ፣ ኳስ ማን እንዳሸነፈ አየሁ። በሳጥኑ ዳር «ረቂቅ» ከሚለው ቃል አጠገብ አንድ ቁጥር እንደነበረ ትዝ ይለኛል። ወይም አሁን ስለምቆጭ ይመስለኛል፤ እንጃ። አልከፈትኩትም።

«ልጄ፣ ዛሬም ስልኬን አነቅከው» አሉ እትዬ ጥሩነሽ ሁለት ጊዜ።

«አንድ አፍታ ብቻ እትዬ» አልኩ ሁለቴም።

ሽቦዬን የነቀልኩት ሰባት ሰዓት ሲሆን ነው። ሒሳብ ከፍለን፣ እትዬ ጥሩነሽን ተሰናብተን ወጣን። መተሃራ ላይ ሽንኩርት ገዛን፤ አዳማ ላይ ምሳ በላን። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሞጆን እያለፍን ነበር፤ ደረጀ ሬዲዮ ከፍቶ አብሮ ያንጎራጉራል፣ እኔም በጣቴ ምት እየመታሁ አጅበዋለሁ።

ቅዳሜ፤ ቤት

ጠዋት ገላዬን ታጥቤ፣ አለቃዬ ምን ብሎ መለሰልኝ ብዬ ከቤት ስልክ ገባሁ። አለቃዬ አልመለሰም። ረቂቁ ውስጥ ግን አንድ ደብዳቤ ነበር።

የዘሃራ ነው። ከጥያቄ አንድ እስከ ሰባት ተመልሷል፤ የአለቃዋ ማረጋገጫም አለ። ስምንተኛው ጥያቄ ይህን ትምህርት ለምን መረጥሽ ይላል። «እኔ በምሠራበት አገር ሰው አዲስ ጉድጓድ ሲያይ አስቀድሞ የሚጠይቀው» ብላ ጽፋ እዚያ ላይ ቆሟል። ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጠበት ሰዓት ዓርብ አምስት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ነው። እንዳስተማርኳት እያስቀመጠች ነበር። መስመሩ ሲቆረጥባት፣ እንዳስተማርኳት መልሳ ስትደውል፣ በመሃሉ እኔ ገብቼ በሩን ቆለፍኩባት።

ለትምህርት ቤቱ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ጽፌ፣ ያላለቀውን መልስ እንዳለ አያይዤ ላክሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሰኞ መልስ መጣ፤ በጣም እናዝናለን፣ ቦታው ዓርብ ማታ ለተጠባባቂ ተሰጥቷል ይላል።

ሰመራ ደወልኩ። ያነሳችው እሷው ናት።

«ጋሽ ሙሉጌታ! እንዴት ገቡ? ጎማ ፈንድቶባችሁ ነበር አሉ።»

ሐሙስ ለምን እንዳልጨረሰች ጠየቅኳት። አለቃዋ ማረጋገጫውን ጠዋት ሰጥቷት ነበር፤ መብራት ግን ቀኑን ሙሉ ጠፋ። ዓርብ ጠዋት መጥቶላት ከሦስት ሰዓት በፊት ተቀመጠች። መስመሩ እየተቆረጠ እየቀጠለ ደህና ስትሄድ ቆይታ፣ አምስት ሰዓት አለፍ ሲል አንዴ ተቆረጠ፤ ከዚያ የይለፍ ቃሉን እምቢ አላት።

«ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ደወልኩ እኮ። አዋሽ አምስት ጊዜ ደወልኩ፤ ተይዟል ይላል። ከጁምዓ ስመለስ ገባልኝና ሴትዮዋ አሁን ወጡ አሉኝ።»

እኔ ነበርኩ የያዝኩት።

«ዋናው መሥሪያ ቤትስ?»

«እዚያ ደውዬ ምን ልበል? መግቢያዎን ለእኔ እንደሰጡኝ ቢያውቁ እርስዎን ይቀጡብኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም እኔ ሌላ ሰው ሰርቆ የለወጠብዎ ነበር የመሰለኝ። አዋሽ ስደውል የነበረው እሱንም ልነግርዎ ነው፣ ሳያውቁ እንዳይጎዱ ብዬ።»

«የለወጥኩት እኔ ነኝ ዘሃራ። ውስጥ ያለው ማን ነው ብዬ ሳልጠይቅ የለወጥኩት እኔ ነኝ።»

«ኧረ ምንም አይደል ጋሼ፣ አይጨነቁ። አላህ አላለውም» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለአባቷ ምን እንዳለችው አልጠየቅኳትም፤ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ሰይድስ? ደረጀ በሚቀጥለው ወር ሲወርድ አገኘው። ኮምፒውተሩ ገላፊ ደርሶ ገና የጉምሩክ ወረቀቱ አላለቀም ነበር። የሰጠሁትን ቁራጭ ወረቀት ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ «ሳልጠቀምበት ቆየ፣ ያለ ሥራ ይዤበት እንዳይሆን» ብሎ ላከልኝ። አራቱም እጥፋት እንዳለ ነው።

ለአለቃዬ የላክሁት አንድ ገጽ ሪፖርት እስከ ዛሬ አለኝ። አዋሽ፣ ይሠራል። ገዋኔ፣ አልተሞከረም። ሎጊያ፣ ይሠራል። ሰመራ፣ ይሠራል። ሐሰት የለበትም፤ አለቃዬም አመስግኖኛል። መኪና ውስጥ የተሳፈሩት ሽማግሌ ጎደሎ ያሉት ሣጥኑን ነበር፤ ሣጥኑ እንኳ አንድ ሰው ውስጥ እንዳለ አራት ጊዜ ነግሮኛል። ማን እንደሆነ መጠየቅ የእኔ ፋንታ ነበር። ከዚያ ጉዞ የተማርኩት ይኸው ነው፤ የተማርኩበት ዋጋ ግን ከእኔ ኪስ አልወጣም።

በዚያው ሰኞ የይለፍ ቃሉን ወደ ድሮው መለስኩትና ለዘሃራ ነገርኳት። «በፈለግሽው ሰዓት ግቢ፣ እኔ እጠብቃለሁ» አልኳት። «እሺ ጋሼ፣ ያኑርልኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በስልክ መስመር መግባት እስኪቀር ድረስ፣ ከቢሮም ከቤትም፣ ከየሄድኩበት ከተማም በደወልኩ ቁጥር «ይህ መለያ በሌላ ቦታ በሥራ ላይ ነው» እንዲለኝ እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላለኝም። ሁልጊዜ በመጀመሪያው ሙከራ ያስገባኛል።